1.27 ማይክሮን ወርቅ፦ ከቱሉ ዲምቱ ወርክሾፕ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ፣ ጥቅምት መጀመሪያ

ወደ ወርክሾፓችን የሚመጡት የመስክ ሬዲዮኖች አብዛኞቹ የሚቆሙት በትልቅ ብልሽት አይደለም። በክብ ኮኔክተሮቻቸው ውስጥ ያሉት ፒኖች ወርቃቸው አልቆ መዳቡ ይታያል። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ገመዱን ሲነቀንቁት ይመለሳል። የማይክሮፎን ምልክት ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ በመዳቡ ላይ የተፈጠረውን ስስ ዝገት ጥሶ ለማለፍ አቅም የለውም። ተተኪ ፒን ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። ይሁን እንጂ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለጥቂት ፒኖች የምንከፍለው የማጓጓዣና የባንክ ወጪ ከፒኖቹ ዋጋ በልጧል። ስለዚህ ፒኑን ቶርኖ ቤት አስቆርጠን ቅቡን እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ለመሥራት ተስማማን።

መመሪያ አድርገን የያዝነው የአሜሪካ ጦር የወርቅ ቅብ ዝርዝር የሆነውን ሚል-ዲቲኤል-45204ን ነው። ቀድሞ ሚል-ጂ-45204 ይባል ነበር። በሲቪል ሥራ በኩል ኤኤስቲኤም ቢ488 ተመሳሳዩን ይጠይቃል። የወደድኩት ሦስት ነገር ለይቶ ስለሚጠይቅ ነው፦ ወርቁ ምን ያህል ንጹሕ ነው፣ ምን ያህል ጠንካራ ነው፣ ምን ያህል ወፍራም ነው።

ንጽሕናው በዓይነት ይገለጻል። ዓይነት 1 ቢያንስ 99.7 በመቶ፣ ዓይነት 2 ቢያንስ 99.0፣ ዓይነት 3 ቢያንስ 99.9 በመቶ ወርቅ ነው። ቁጥሮቹ እንደ ንጽሕናው ቅደም ተከተል ስላልተሰጡ ትእዛዝ ሲጻፍ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ጥንካሬው በኖፕ መለኪያ ነው፤ ደረጃ ኤ እስከ 90፣ ቢ ከ91 እስከ 129፣ ሲ ከ130 እስከ 200፣ ዲ ከዚያ በላይ። ውፍረቱ በክፍል ይጻፋል፦ ክፍል 00 ግማሽ ማይክሮን ያህል ሲሆን ክፍል 1 1.27 ማይክሮን፣ ክፍል 2 2.54 ማይክሮን ነው፤ ክፍል 6 ደግሞ 38 ማይክሮን ይደርሳል። ለሚሰካና ለሚነቀል ፒን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ዓይነት 2፣ ደረጃ ሲ፣ ክፍል 1 ነው። ይህ ጥቂት ኮባልት የተቀላቀለበት ጠንካራ ወርቅ ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ሁለት ለስላሳ ወርቆች ሲፋተጉ እርስ በርስ ተጣብቀው ይላላጣሉ።

ሂሳብ

የወርቅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ወጪውን በብር ከመመዝገብ በሚሊግራም መመዝገብ መረጥኩ። የወርቅ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ነው። ስለዚህ 1.27 ማይክሮን ውፍረት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 2.45 ሚሊግራም ይመዝናል። መጠን 20 የሚባለው ፒን የሚሰካው ጫፉ 1.02 ሚሊሜትር ዲያሜትር አለው። የእኛ ፒን ሙሉ ገጽታው 0.6 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ፒን 1.5 ሚሊግራም፣ ለመቶ ፒን 150 ሚሊግራም ማለት ነው። ሦስት ግራም ንጹሕ ወርቅ ሁለት ሺህ ፒን ይሸፍናል።

ይህን ስሌት ከጨረስኩ በኋላ ሥራውን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ውዱ ወርቁ ይመስለኝ ነበር። ገንዘቡም ጊዜውም የሚሄደው ግን ወርቁ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው፤ ከወርቁ ላይ መቆጠብም የሚያተርፈው ነገር የለም።

ናሱ፣ ጥቅምት አጋማሽ

ቶርኖ ቤቱ የሚቆርጠው ናስ እርሳስ የተቀላቀለበት ነው። ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን እርሳስ ስላለው ስለቱ ሥር በቀላሉ ይሰበራል፣ ጫፉም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ለቶርኖ የሚመች ነገር ለቅብ አይመችም። እርሳሱ በናሱ ውስጥ አይሟሟም፤ በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ ይቀመጣል፣ ገጽታው ላይም ብቅ ይላል።

ቅባቱን በሞቀ የአልካሊ ሳሙና አጠብነው። ውሃው ሳይበጣጠስ ገጽታውን በሙሉ እንደ አንድ ሽፋን እስኪይዘው ድረስ ደጋገምን። ይህ ፈተና ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ከሁሉም አስተማማኙም እርሱ ነው። ከዚያ በቀጭን የባትሪ አሲድ ነከርነው። ከወርቁ ሥር የሚቀባው ኒኬል ያዘ፣ ወርቁም ያዘ፤ ምድጃ ውስጥ አሙቀን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስንከተው ግን ቅቡ አረፋ አረፋ ሆኖ ተነሣ።

ምክንያቱ የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ መሆኑ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ እርሳስን ሲያገኝ የማይሟሟ ሊድ ሰልፌት ይሠራል፤ ይህም ነጭ ዱቄት በናሱና በኒኬሉ መካከል ይቀራል። በፋብሪካ ለዚህ የሚጠቀሙት ፍሉኦቦሪክ አሲድን ነው። እኛ የቦይለር ድንጋይ ለማስለቀቅ የሚሸጠውን ሰልፋሚክ አሲድ ወሰድን፣ ምክንያቱም እርሳስ ከእርሱ ጋር የሚሠራው ጨው በውሃ ይሟሟል። አረፋው ጠፋ። ዋጋውም ከሁሉም ኬሚካሎቻችን የረከሰው ነው።

ኒኬሉ፣ ጥቅምት መጨረሻ

ስለ ወርቅ ቅብ የሚያወራ ሰው ስለ ኒኬል ካላወራ ግማሹን ሥራ ትቶታል። መዳብና ዚንክ በወርቅ ውስጥ እየሰረጉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይፈጥናሉ። ላይ ደርሰው ይዝጋሉ፣ ወርቁ በቦታው እያለ ፒኑ ይታመማል። ኒኬሉ መንገዱን ይዘጋል። ቀጭን ወርቅ ሲጫን እንዳይሰረጉድም ከሥር ይደግፈዋል። በወርቅ ሥር ብር መቀባት ርካሽ ይመስላል፤ ይሁንና ብሩም እንዲሁ ወጥቶ በሰልፈር ይጠቁራል። ለኤሌክትሮኒክስ ክፍል አይሆንም።

የመጀመሪያውን ዙር ኒኬል የመኪና ባምፐር ለሚቀባ ቤት ሰጠን። የመጣው ኒኬል መስታወት ይመስላል። የገመዱን ሽቦ ለማስገባት የፒኑን ጀርባ በክሪምፕ መቆንጠጫ ስንጨምቀው ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ፣ በስንጥቆቹ ውስጥም ናሱ ታየ። ለባምፐር የሚጨመረው ማብሪያ ሰልፈር ያለበት ነው፤ ኒኬሉን ያበራዋል፣ ጠንካራና ተሰባሪም ያደርገዋል። ባምፐርን ማንም አይቆነጥጠውም፤ ሥራው ለታሰበለት ነገር በትክክል ተሠርቷል።

ስለዚህ የራሳችንን ኒኬል አዘጋጀን። በአንድ ሊትር 280 ግራም ኒኬል ሰልፌት፣ 45 ግራም ኒኬል ክሎራይድ፣ 40 ግራም ቦሪክ አሲድ፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 4 አካባቢ፣ ሙቀት ከ50 እስከ 55 ዲግሪ፤ ማብሪያ የለም። ከረንቱ በካሬ ሴንቲሜትር 30 ሚሊአምፔር ሲሆን በደቂቃ 0.6 ማይክሮን ገደማ ይቀመጣል። አራት ደቂቃ ተኩል ስንሰጠው 2.5 ማይክሮን እናገኛለን። መልኩ ደብዛዛ ግራጫ ነው፣ ዓይን አይስብም። ሲቆነጠጥ ግን አይሰነጠቅም።

ለውሃው የባትሪ ውሃ እንገዛለን። ጠርሙስ ከጠርሙስ ስለሚለያይ እያንዳንዱን በብር ናይትሬት ጠብታ እንፈትሻለን። ነጭ ደመና ከታየ ክሎራይድ አለበት ማለት ነው፤ ያንን ለመጀመሪያ እጥበት እናውለዋለን።

መብራት፣ ኅዳር መጀመሪያ

ሰፈራችን መብራት ይቋረጣል። ለኮምፒውተር ሥራ ችግር ነው፤ ለቅብ ግን ብክነት ነው። ኒኬል አየር ሲነካውና ከረንቱ ሲቆም በሴኮንዶች ውስጥ ስስ ኦክሳይድ ይለብሳል። ከረንቱ ሲመለስ በዚያ ላይ የሚቀመጠው ሽፋን ከሥሩ ካለው ጋር አይዋሐድም፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የመነሣቱ ነገር በመታጠፍ ፈተና ወዲያው ይታያል።

ማረጋጊያው 12 ቮልት የመኪና ባትሪ እና ኤልኤም317 የተባለው ቺፕ ሆነ። ቺፑ በአንድ ሬዚስተር ላይ ሁልጊዜ 1.25 ቮልት ይጠብቃል፤ ከረንቱን የሚወስነው 1.25ን ለሬዚስተሩ ማካፈል ነው። ሃያ ፒኖችና አንድ መፈተሻ ቁራጭ በአንድ ላይ 22 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ለኒኬሉ 2 ኦም ሬዚስተር 625 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ለወርቁ 18 ኦም 69 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ሁለቱን በማዞሪያ አገናኘናቸው። ዕቃው በሙሉ አሮጌ ሰሌዳ ላይ የተገኘ ነው።

ከኒኬል ወደ ወርቅ ስንሻገር የሚቆየው ጊዜ አጭር መሆን አለበት። ሰው ስልክ ካነሣ ወይም በር ከተንኳኳ ፒኖቹ እንደገና «ዉድስ ኒኬል» በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ያልፋሉ፤ ይህ በኒኬል ክሎራይድና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተሠራ፣ ኦክሳይዱን እየበላ አዲስ ስስ ኒኬል የሚያስቀምጥ ፈሳሽ ነው። ረዳቴ ስልኩን ከክፍሉ ውጭ ማስቀመጥ ጀምሯል።

ወርቁ፣ ኅዳር

ጠንካራው ወርቅ፣ ማለትም ዓይነት 2 ደረጃ ሲ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከፖታሲየም ወርቅ ሳያናይድ በኮባልት፣ ፒኤች 4 አካባቢ በሆነ አሲዳማ ፈሳሽ ነው። ሳያናይድና አሲድ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ አንድ ጠርሙስ መደባለቅ ለሞት ይበቃል። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ይኖራል፤ ልጆች በበራችን ይሮጣሉ። ጋዝ የሚስብ ጭስ ማውጫ፣ የሠለጠነ ሰው፣ የተዘጋ መጋዘን እስኪኖረን ድረስ ይህ አይገባም። በዚህ ላይ ክርክር አልነበረም።

የመረጥነው የወርቅ ሰልፋይት ፈሳሽ ነው። ሳያናይድ የለውም፣ ፒኤቹ ከ8 በላይ ነው፣ በ50 ዲግሪ ገደማ ይሠራል። የተዘጋጀውን ገዛን። ከወርቅ አንሥቶ በራስ መሥራት በአንዳንድ አሠራሮች በአሞኒያ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ የሚገኘው ዝቃጭ ሲደርቅ በመነካካት ብቻ የሚፈነዳ ነገር ነው፣ ለዘመናት ሰው የጎዳ። ለጥቂት ብር ቁጠባ ሲባል እጅን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

ሁለት መቶ ሚሊሊትር ፈሳሽ፣ በሊትር 10 ግራም ወርቅ፤ በጽዋው ውስጥ ሁለት ግራም አለ። አኖዱ (የከረንቱ አዎንታዊ ጫፍ) ፕላቲነም የተቀባ ቲታኒየም መረብ ነው። በካሬ ሴንቲሜትር 3 ሚሊአምፔር ሲሰጥ በአንድ አምፔር-ሰዓት 7.35 ግራም በሚለው ስሌት በደቂቃ 0.19 ማይክሮን ይቀመጣል። ክፍል 1 ለማግኘት ስሌቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ይላል፤ እኛ አሥር ደቂቃ እንሰጣለን። ከወርቁ የወጡት ፒኖች የሚታጠቡበት የመጀመሪያው ውሃ አይደፋም። በተለየ ማሰሮ ይጠራቀማል፣ ምክንያቱም ከሚባክነው ወርቅ አብዛኛው የሚሄደው በዚያ ነው።

ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ሞቃት ቢጫ ሆኖ ወጣ። ደስ ይላል። ከቀለም ግን ምንም ማወቅ አይቻልም፤ ሩብ ማይክሮንም ሁለት ማይክሮንም ለዓይን አንድ ናቸው።

መለካት፣ ኅዳር መጨረሻ

ብዙ ጊዜ የፈጀው ይህ ነው።

በክብደት መለካት ቀላሉ ነው። የእኛ ሚዛን አንድ ሚሊግራም ያነባል፤ አንድ ፒን ላይ ያለው ወርቅ ደግሞ አንድ ተኩል ሚሊግራም ነው፣ ስለዚህ ፒን መመዘን ከንቱ ነው። በምትኩ ከፒኖቹ ጋር አምስት በአንድ ሴንቲሜትር የሆነ የመዳብ ቁራጭ እንቀባለን። ሁለቱ ገጾቹ አሥር ካሬ ሴንቲሜትር ናቸው፤ 24.5 ሚሊግራም ከጨመረ አማካዩ 1.27 ማይክሮን ነው።

አማካይ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው አይደለም። ዝርዝሩ የሚለው ዝቅተኛውን ውፍረት ነው፣ ያውም ሥራ በሚሠራው ገጽታ ላይ። ከረንት ጫፍና ጠርዝ ይወዳል፤ ጫፉ ሲወፍር መሐሉ ይሳሳል፣ የክሪምፑ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ብዙም አይገባም። አማካዩ 1.27 የሆነ ፒን መሐሉ ላይ ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። አሥር ደቂቃ የምንሰጠው ለዚህ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ መስፈርቱ የሚፈርሰው እዚህ ቦታ ላይ ይመስለኛል፦ የወርቁ መጠን በጠቅላላ ትክክል ሆኖ፣ የሚፈለገው ቦታ ላይ ሳይኖር።

ፒን በኤፖክሲ ቀብሮ፣ ቆርጦ፣ አለስልሶ በማይክሮስኮፕ ማየት ሌላው መንገድ ነው። ለኒኬሉ በደንብ ሠራ። ለወርቁ አይሆንም፤ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ስህተቱ ራሱ 0.8 ማይክሮን አካባቢ ስለሚደርስ 1.27ን በእርሱ መፍረድ አይቻልም። የሚሻለው ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ነው፤ ኤክስሬይ ተኩሶ ከሚመለሰው ጨረር ብረቱን ይለያል። አንዳንድ ወርቅ የሚገዙ ቤቶች መሣሪያው አላቸው፤ የእነርሱ ግን ካራት ለማንበብ የተዘጋጀ ነው፣ ከሥር ያለውን ኒኬልና መዳብ አብሮ ስለሚያነብ ውጤቱ ዝቅተኛ ካራት ያለው ወርቅ ይመስላል። ለውፍረት ሲሆን ውፍረቱ የታወቀ ናሙና ያስፈልገዋል።

ቀዳዳ መፈለግ፣ ታኅሣሥ

ቀጭን ወርቅ ቀዳዳ አያጣውም። ለዚህ የሚያገለግለው የናይትሪክ አሲድ እንፋሎት ፈተና ነው፤ ወርቁ አይነካም፣ ቀዳዳ ካለ ግን ከሥር ያለው ብረት ተበልቶ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

በዚህ የረዱን ዕድሜያቸውን ሁሉ ፒያሳ ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን ጎረቤታችን የሆኑ አባት ናቸው። አሲዱን በጠብታ ልጥል ስል እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ አሲዱን አታስነኪው። ክዳን ሥር አንጠልጥለሽ ትንፋሹን ብቻ ስጪው። ጠብታ ሁሉንም ይበላል፣ ከዚያ ምን እንደነበረ አታውቂም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን ይጠቀሙበት ነበር?»

«ወርቅ ቅብ የሆነውን እንደ ወርቅ ሊሸጥልኝ የመጣውን ለማወቅ።»

በመስታወት ዕቃ ክዳን ሥር ሰቅለን ውጭ አስቀመጥነው፣ ከዚያ አድርቀን በአሥር እጥፍ ማጉያ አየን። ከቶርኖ እንደመጡ የተቀቡት ፒኖች በስለቱ ጭረት ላይ ተሰልፈው ነጥብ አወጡ። በ1200 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ከተለሰለሱ በኋላ የተቀቡት፣ በተመሳሳይ ውፍረት፣ ንጹሕ ሆነው ቀሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ተጨማሪ ወርቅ ከመቀባት ይልቅ ወረቀት ይገዛል።

መሰካትና መንቀል፣ ታኅሣሥ

ሚል-ዲቲኤል-38999 የተባለው የክብ ኮኔክተር ዝርዝር 500 ጊዜ መሰካትና መንቀልን ይጠይቃል። ረዳቴ ከመኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ መሣሪያ ሠራ። ንክኪውን በአራት ሽቦ ለካን፤ 100 ሚሊአምፔር ስናሳልፍ መጀመሪያ ላይ 0.3 ሚሊቮልት ይወድቅ ነበር፣ ማለትም 3 ሚሊኦም።

የእኛ ሰልፋይት ወርቅ የ500ውን ግማሽ ሳይደርስ በሚፋተግበት መስመር ላይ ኒኬሉን አሳየ። ከፋብሪካ የመጣው ጠንካራ ወርቅ በዚያው መሣሪያ 500ን ጨርሶ ጭረት ብቻ ነበረው። ውፍረታቸው ይቀራረባል። ልዩነቱ ጥንካሬው ነው። ንጽሕናው የበለጠው በዚህ ሥራ ተሸነፈ።

ስለዚህ ሥራውን ከፈልነው። የሚሰኩና የሚነቀሉ ፒኖች በጠንካራ ወርቅ ተቀብተው ከውጭ ይመጣሉ፤ ተጠራቅመው በአንድ ጊዜ ይታዘዛሉ። እዚህ የምንቀባው የማይንቀሳቀሰውን ነው፦ በብሎን የሚታሰሩ የመሬት መስመር ማሰሪያዎች፣ በሰሌዳ ላይ ያሉ የመለኪያ ነጥቦች፣ አንዴ ተጠግነው የሚዘጉ ማገናኛዎች። ለእነዚህ ለስላሳና ንጹሕ ወርቅ የተሻለ ነው። ኮባልት ያለበት ወርቅ ረጅም ጊዜ ሲሞቅ ኮባልቱ ላይ ወጥቶ ይዝጋልና።

የሚበየዱት

በካውያ የሚበየዱ ማገናኛዎች ላይ ወርቅ ጠላት ይሆናል። በቀለጠ ሊድ (የብየዳው የቲንና የእርሳስ ቅይጥ) ውስጥ ወዲያው ይሟሟል፣ ከቲን ጋር ተሰባሪ ውህድ ይሠራል። በብየዳው ውስጥ ወርቁ ከክብደቱ 3 በመቶ ሲደርስ አደጋው ይጀምራል። ትንሽ የብየዳ ጽዋ 20 ሚሊግራም ሊድ ቢይዝ 0.6 ሚሊግራም ወርቅ ለዚያ ይበቃል። ስለዚህ ጽዋውን በሊድ ሞልተን፣ መጥጠን አውጥተን፣ በአዲስ ሊድ እንደገና እንሞላለን። በንጹሕ ቲን መቀባትስ ለሚለው፣ ንጹሕ ቲን ጢም የሚመስሉ ቀጭን ሽቦዎች ያበቅላል፣ ጎረቤት ፒኖችንም ያገናኛል። በወታደራዊ ዕቃ ቢያንስ 3 በመቶ እርሳስ እንዲቀላቀልበት የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ዝቃጩ

የኒኬል ጨው መርዝ ነው፤ ቆዳን ያሳክካል፣ ትንፋሽ ውስጥ ሲገባ ካንሰር ያመጣል። ከእኛ የሚወርድ ቱቦ ሁሉ መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው፣ ከዚያም አባ ሳሙኤል ግድብ። ወንዙ በቂ ሸክም አለበት። ያለቀውን ኒኬልና የእጥበት ውሃውን በበርሜል አጠራቅመን በኖራ ፒኤቹን ከ10 በላይ እናደርሰዋለን። አረንጓዴው ዝቃጭ ይረጋል፣ በጨርቅ ይጠራል፣ ደርቆ በክዳን ይቀመጣል። ከላይ የቀረው ውሃ ፒኤቹ ተስተካክሎ ሲፈተሽ ጥርት ካላለ ደግመን እንሠራዋለን። ጓንትና መነጽር ያላደረገ ሰው በርሜሉ አጠገብ አይቆምም።

ጥር

የመጀመሪያዎቹ የመሬት መስመር ማሰሪያዎች ሬዲዮኖቹ ላይ ገብተዋል። በከረጢታቸው ላይ የጻፍነው «ሰልፋይት ወርቅ፣ አማካይ 1.9 ማይክሮን፣ ከሥሩ ኒኬል 2.5፤ ጥንካሬው አልተለካም» የሚል ነው። ንጽሕናውንም ጥንካሬውንም በላቦራቶሪ ስላላረጋገጥን የወታደራዊ ዝርዝሩን ቁጥር አልጻፍንበትም። አንድ ደንበኛ ቢጻፍበት ዕቃው በተሻለ ዋጋ እንደሚወሰድ ነገረን። ቁጥሩን የሚያነብ ቴክኒሻን ሳይለካ በእርሱ ይተማመናል፤ ስለዚህ አይጻፍም።

ለሚቀጥለው ዙር እርሳስ የሌለበት የቴሉሪየም መዳብ ዘንግ አዝዘናል። ቶርኖ ላይ ከንጹሕ መዳብ ይሻላል ይባላል፤ ሲመጣ የመጀመሪያው ቁራጭ ምድጃ ገብቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል።